የአንድ ኮሌጅ ልጆች

መለሰን ገና ከመኪናው ሲወርድ ጀምሮ አልወደድኩትም። ለምን ብትሉኝ ያን ጊዜ የምነግራችሁ ነገር አልነበረኝም። ካኪ ለብሷል፤ ሁሉም ካኪ ይለብሳል። ፈገግ ይላል፤ መሳቅ ወንጀል አይደለም። ግን ሰው ከደሴ መካነ ሰላም ድረስ በዚያ መንገድ ሲንገጫገጭ ውሎ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ «የጓድ አጥናፉ ቤት የት ነው?» ይላል? ሰው መጀመሪያ ውሃ ነው የሚጠይቀው።

የጠየቀው ደግሞ እኔን። መንገድ ላይ ካለው ሰው ሁሉ መርጦ እኔን! «የቱ አጥናፉ?» አልኩት፣ እንደማላውቅ ሆኜ።

«አሜሪካ የተማረው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጋሽ አጥናፉ የታላቅ እህቴ የድንቅነሽ ባል ነው። ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምራል፤ እኔም ዘንድሮ እስክጨርስ ድረስ እሱ ነው ያስተማረኝ። በጃንሆይ ጊዜ አሜሪካ ሄዶ ተመርቆ መጣ። አሜሪካ ስላችሁ ፎቅ በፎቅ የሆነው ከተማ እንዳይመስላችሁ። በቆሎ እርሻ መሀል ያለች ትንሽ ኮሌጅ ናት፤ ተማሪዋ በሙሉ ቢሰበሰብ የኛን ገበያ ሩቡን አይሞላም ይል ነበር። ድሮ ኮሌጁ በየዓመቱ መጽሔት ይልክለታል። መጀመሪያው ገጽ ላይ ሁልጊዜ የስመ ጥር ምሩቃን ፎቶ አለ። አንዱ ትልቅ ዳኛ፣ አንዷ ሰማይ ላይ አዲስ ኮከብ ያገኘች ሴት፣ አንዱ በቆርቆሮ ሾርባ ሸጦ የከበረ፣ አንዱ የክፍለ ሀገር ገዢ። እኔ ልጅ ሆኜ «የጋሼ ፎቶ የታለ?» ስል እሱ «እኔማ መካነ ሰላም ነው ስመ ጥር የሆንኩት» እያለ ይስቅ ነበር።

አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግን የዚያ ኮሌጅ ስም ቤታቸው ውስጥ አይነሳም። አሜሪካ የተማረ ማለት ለአንዳንዱ ሰላይ ማለት ሆነ። ከላላ ወረዳ አንድ አስተማሪ ወንድሙ አሜሪካ ስላለ ብቻ ወስደውት እስከ ዛሬ የት እንደገባ አይታወቅም። እህቴ መጽሔቶቹን ሰብስባ ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ በኋላ መጽሔቱ ይምጣ፣ አይምጣ፣ ማን እጅ ይግባ፣ ማንም አልጠየቀም።

እና ይሄ ሰውዬ ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ራሱ ዘግቶ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እኔም የዚያው ኮሌጅ ልጅ ነኝ። አንተ በወጣህ በዓመቱ ነው የገባሁት።»

ጋሽ አጥናፉ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ተነሥቶ አቀፈው። ዓይኑ ውሃ ሞላ! እኔና እህቴ ጓዳ ሆነን ተያየን።

«እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ደስ አላለኝም።»

«ድምፅሽን ቀንሺ ሸዋረግ። ሰው የሚያስገድል ድምፅ!»

«ለምን መጀመሪያ በሩን ዘጋ?»

«ስለሚፈራ ነዋ። ማን የማይፈራ አለ?» አለች። ግን እሷም ጠላውን ስትቀዳ አፈሰሰችው።

መለሰ የመሠረተ ትምህርቱን ዘመቻ ሊቆጣጠር ነው የመጣሁት ብሎ ከረመ። እኔ አንድም ክፍል ገብቶ አላየሁትም፤ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ግን እነሱ ቤት ነው። ጋሽ አጥናፉ በእንግሊዝኛ ሲጀምርለት እሱ በአማርኛ ይመልሳል። «ግድግዳም ጆሮ አለው፣ በአማርኛ ይሻለናል» ይላል። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ለሚሰማን ሰውማ አማርኛው ነው የሚመቸው እላለሁ። ሁልጊዜ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ነው የሚያርፈው። «የኛ ኮሌጅ ልጆች መፈላለግ አለብን። በዚህ አውራጃ ሌላ ልጅ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ማነው?»

ሌላ ልጅስ አለ። እኛ ቤት ብቻ ነው የሚታወቀው። አካሉ ይባላል፤ ወረኢሉ የከብት ሐኪም ነው። ከጋሽ አጥናፉ ጋር አንድ ላይ ሄደው፣ አንድ ክፍል ተኝተው፣ አንድ ላይ ተመልሰዋል። ግን አካሉ ብልጥ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሲመዘግበው ሐረር ነው የተማርኩት አለ፣ በዚያው ጸና። አሜሪካ መማሩን ደብቆ መገኘቱ ራሱ ምን እንደሚያስከትል ታውቁታላችሁ። የደበቀ ሰው ደግሞ ከተናገረው የባሰ ነው የሚያስጠረጥረው።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ አጥናፉ እህቴን «ለመለሰ ስለ አካሉ ልነግረው ነው» አላት። እኔ ጓሮ ሽንኩርት እየነቀልኩ ነበር።

«አብደሃል እንዴ አንተ ሰው?»

«የኛ ልጅ ነው ድንቄ። ስለዚያ ቦታ ከሰው ጋር ካወራሁ ስንት ዘመኔ ነው? አስቢ እስኪ። እዚያ አገር የኖርኩትን አራት ዓመት እንዳልኖርኩት ሆኜ...»

«አካሉ ልጆች አሉት!»

«መለሰም ሰው ነው። እሁድ እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

እህቴ በጓሮው በር ብቅ አለች። «ሩጪ ወደ አባባ» አለችኝ።

አባታችን መሪጌታ ክንፈ ቄስም ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ደጃፋቸው ላይ ተማሪ የማይጠፋበት ቀን የለም። የሆነውን ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ «ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንግዳው እኔ ዘንድ ይምጣ። አጥናፉም ይምጣ» አሉ። በቃ።

«አባባ፣ እርስዎ እንግሊዝኛ አያውቁ፣ ምን ብለው ያጣሩታል?»

«አንቺ ልጅ ሽንኩርቱን ጥለሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ። ለካ እጄ ላይ እንዳንጠለጠልኩት ነው የሮጥኩት።

እሁድ መለሰ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ የአባባን መስቀል ተሳለመ፤ ይሄንን ሲያደርግ ግራ ቀኙን አየት አድርጎ ነው። ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ። ጋሽ አጥናፉ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎታል። እኔ እየቀዳሁ አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ ጆሮዬን አቁሜያለሁ።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ አባባ፣ «የተማራችሁበት ቦታ ደግ ቦታ ነው ይሉኛል።»

«ደግ ነው አባቴ!» አለ መለሰ። «ትልልቅ ሰው ያፈራ ነው እኮ።» ከዚያ ጀመረላችሁ። ዳኛው፣ ኮከብ ያገኘችው ሴት፣ ባለ ሾርባው፣ ገዢው... ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራ። ሳይደናቀፍ! ጋሽ አጥናፉ ራሱን እየነቀነቀ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ይላል።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያኔ እኔም ተጠራጠርኩ፤ ራሴን ማለቴ ነው። ይሄ ሰው እውነቱን ቢሆንስ? በከንቱ ሰው ጠልቼ ቢሆንስ?

«መልካም፣ መልካም» አሉ አባባ። «ምን ይናከሳል?»

«አቤት?»

«እዚያ ደብር፣ ተማሪ የሚፈራው ምኑን ነው? ውሻው የማን ነው?»

ይሄን ጥያቄ እኛ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። አባባ ዘንድ አዲስ ተማሪ መጥቶ «እዚህ ደብር ተምሬያለሁ፣ እዚያ ደብር ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ» ሲል መጀመሪያ ቅኔውን አይጠይቁትም። ውሻውን ነው የሚጠይቁት። የአብነት ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየቤቱ ቁራሽ ሲለምን ነው የሚኖረው። አንድ ክረምት እንኳ የከረመ ልጅ የየትኛው ቤት ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛዋ ሴት ትኩስ እንደምትሰጥ፣ የትኛዋ እንደምትራገም አብጠርጥሮ ያውቃል። ሳይማር ተማርኩ የሚለው ግን ከዚያ ደብር የወጡትን ሊቃውንት ስም ነው የሚደረድርላችሁ። የሊቃውንቱን ስም ማንም ከሩቅ ይሰማዋል።

መለሰ ሳቀ። «አባቴ፣ አሜሪካ ተማሪ አይለምንም እኮ! ንጹሕ የምግብ አዳራሽ አለ። ውሻም በሰንሰለት ነው።»

«እንዲያ ነው? የሚናከስ ነገር የለም?»

«ምንም የለም።»

«የሚያባርርስ? ተማሪ ዞር ብሎ የሚያልፈው ነገር?»

«ምንም አባቴ። ሰላማዊ ቦታ ነው።»

ጋሽ አጥናፉ አብሮ እየሳቀ ነበር። ሳቁ መሀል ላይ ቀረ። መለሰን አየው፤ ጠበቀው። እንዲያስታውስ ዕድል የሚሰጠው ይመስላል። መለሰ ግን ዳቦውን እየገመጠ ነው። ጋሽ አጥናፉ ቀስ ብሎ ግራ እግሩን ወንበሩ ሥር ሰበሰበ።

«እሺ ጓድ አጥናፉ» አለ መለሰ፣ አፉን ጠርጎ። «ዛሬ እነግርሃለሁ ያልከኝ ልጅስ?»

እኔ የሞላ ብርጭቆ ላይ ጠላ ጨመርኩ።

«እሱ... ተመልሶ ሄደ» አለ ጋሽ አጥናፉ። «እዚያው ፈረንጅ አግብቶ ቀረ።»

«ተመልሷል፣ እዚሁ ነው ያለው አላልከኝም?»

«ነበር። ሄደ።»

«ይሁና። ስሙ ማነው?»

መለሰ ፈገግ እንዳለ ነው፤ ዓይኑ ግን አይስቅም። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ነክሳለች።

አባባ ብድግ አሉ። «አቡነ ዘበሰማያት!»

ጸሎት ሲጀመር የሚቀመጥ የለም፤ ሁላችንም ተነሣን። መለሰም ምን ያድርግ፣ ተነሣ። አባባ አቡነ ዘበሰማያትን ጨርሰው ምርቃት ገቡ። ለአገሩ መረቁ፣ ለእንስሳቱ መረቁ፣ ለአዝመራው፣ ለመንገደኛው፣ «ከሩቅ ለመጣው ለዚህ እንግዳችን» ብለው ለመለሰም መረቁ። የጻድቃን ስም፣ የሰማዕታት ስም፣ እኔ ሰምቻቸው የማላውቅ ቅዱሳን ሁሉ ተጠሩ። የምርቃቱን ድምፅ የሰሙት ተማሪዎች ከውጭ እየገቡ «አሜን!» ይላሉ። አባባ ሲጨርሱ ቤቱ በተማሪ ጢም ብሎ፣ መለሰ ከጋሽ አጥናፉ ተለያይቶ ግድግዳው ጋ ደርሷል።

ሲወጣ የጋሽ አጥናፉን ትከሻ መታ አደረገ። «ነገ ትምህርት ቤት እመጣለሁ። ስሙን ታስታውሳለህ» አለው።

ተማሪዎቹ ሲበተኑ ጋሽ አጥናፉ ግራ ካልሲውን ዝቅ አድርጎ ቁርጭምጭሚቱን አሳየን። ትንሽ ጠባሳ አለችው። ለካ ኮሌጁ ውስጥ የምግብ አዳራሹና የመማሪያው መሀል ኩሬ አለ፣ ኩሬው ላይ አንዲት ዝይ አለች። ዝይ ማለት እንደ ዳክዬ ያለች፣ አንገቷ የረዘመ። ያቺ ዝይ ተማሪ የሚባል ነገር አትወድም። ክንፏን ዘርግታ ታባርራለች፣ ትነክሳለች፣ ፕሮፌሰሩን ሁሉ መጽሐፉን አስጥላ አስሩጣለች። ተማሪው በሙሉ በኮሌጁ የዶሮ እርባታ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው።

«ዝይ ስንት ዓመት ትኖራለች?» አልኩ እኔ። «እሱ ከመግባቱ በፊት ሞታ ቢሆንስ?»

«ዝም በይ አንቺ!» አለች እህቴ።

«ተዪያት፣ ጥሩ ጠይቃለች» አለ ጋሽ አጥናፉ። አሰበ። «ብትሞት እንኳ ስለሷ ሳይሰማ አራት ዓመት የሚቀመጥ የለም። ከዳኛው ይልቅ እሷ ናት ስመ ጥር።» ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ምን ያህል ደስ ብሎኝ እንደነበር!»

«አብሽር ልጄ» አሉት አባባ። «አልነገርከውም። የምታዝነውን በኋላ ታዝናለህ። አሁን አካሉ ይወቅ።»

ጋሽ አጥናፉ ራሱ እንዳይሄድ መለሰ ያየዋል። እህቴም ሚስቱ ናት፣ ትጠረጠራለች። ተማሪ ቢላክ ወረኢሉን አያውቅም። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። «ወረቀት የለም» አለኝ ጋሽ አጥናፉ። «በቃል። ከሱ በቀር ለማንም።»

ሰኞ ጠዋት የጭነት መኪናው ጋ ደረስኩ። ስንዴ ጆንያ ላይ ልወጣ አንድ እግሬን ጎማው ላይ ሳሳርፍ ከኋላዬ «ወዴት ነው ሸዋረግ?» የሚል ድምፅ። መለሰ! ስሜን ነግሬው አላውቅም።

«ወረኢሉ። አክስቴ ታማብኝ።»

«እግዜር ይማርልሽ። ምኗን?»

«ሆዷን» አልኩ። «ወገቧንም። እግሯም ያብጣል።» አይበቃም? አልበቃኝም! «አንድ ዓይኗም አያይም።»

«ውይ» አለ። ሲጋራውን ለኮሰ። «ወረኢሉ የከብት ሐኪሙ እንግሊዝኛ ጎበዝ ነው ይባላል። እውነት ነው?»

ታዲያ ሰውዬው ካወቀ ለምን ይጠይቃል? ካላወቀስ ከየት አመጣው?

«ለላም እንግሊዝኛ ምን ያደርግላታል?» አልኩት።

ሳቀ። እጁን ሰጥቶ ጆንያው ላይ አወጣኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ አቧራው ውስጥ ቆሞ ታርጋውን ሲያነብ አየሁት፤ ወይም መሰለኝ።

መንገዱን ሁሉ ከጎኔ ያሉት ሴቶች «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» ይሉኛል። አፌን ከከፈትኩ የሚወጣውን አላምነውም።

አካሉን በመሥሪያ ቤቱ በረት ውስጥ አገኘሁት። እጅጌውን ሰብስቦ የአንድ ሽማግሌ በሬ ሰኮና እያጠበ ነበር። ጠጋ ብዬ ነገርኩት፤ መለሰን፣ ኮሌጁን፣ ስሙ ማነው ያለውን፣ መኪናው ጋ የጠየቀኝን። ሰኮናውን አጥቦ ጨረሰ። ቅባቱን ቀባ። እጁን በሳሙና ታጠበ፣ ነጩን ጋዋን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ።

«ገመዱን ያዢልኝ» አለኝ።

ያዝኩት። በኋለኛው በር ወጣ። ወደ ቤቱም አልሄደም፣ ወደ መኪና መንገዱም አልሄደም፤ ቁልቁል በገደሉ የእግር መንገድ ነው የወረደው።

የበሬው ባለቤት ሽማግሌ ከውጭ ገባ። «ሐኪሙ የት ሄደ ልጄ?»

በሬው ገመዱን ሲጎትተኝ ወደ ራሴ መለስኩት። ዋናው በር ላይ መኪና ሲቆም ሰማሁ። የማን እንደሆነ አላየሁም።

«መድኃኒት ሊያመጣ» አልኩ። «አሁን ይመጣል።»