የአብዱልሃፊዝ ጫማ

አብዱልሃፊዝ በሞተ በሁለተኛው ወር ባለቤቱ ሰልሚያ የመሮጫ ጫማውን ለተረፈ ሰጠችው። ሁለቱ ጓደኛሞች፣ ተረፈና አብዱልሃፊዝ፣ ቡታጅራ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ለአራት ዓመት ያህል በየማለዳው በቡኢ መንገድ አብረው ሮጠዋል።

«ቁጥራችሁ አንድ ነው» አለችው። «እዚህ ተቀምጦ ከሚያየኝ አንተ ሩጥበት።»

ተረፈ እምቢ ማለት አልቻለም። አብዱልሃፊዝ በሞተበት ማለዳ የሆነውን ለእሷ አልነገራትም። አብዱልሃፊዝ ቀኝ ጉልበቱን አሞት ወደ ኋላ ሲቀር፣ «ቀስ በል እንጂ፣ አብረን እንመለስ» ብሎት ነበር። ተረፈ ሰዓቱን አየ። እንደዚያ ቀን ፈጥኖ ሮጦ አያውቅም። «ድረስብኝ!» ብሎት ሄደ። አብዱልሃፊዝ ብቻውን እያነከሰ አስፋልቱን ሲሻገር የጭነት መኪና ገጨው።

ጫማውን አድርጎ በሮጠ በመጀመሪያው ቀን ሰልሚያ ቤት አጠገብ ሲደርስ መስኮቱ ተከፈተ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ቤት የምትቀመጥበት ጊዜ፣ ዒዳ ላይ ስለነበረች ከቤት አትወጣም። በማግስቱም ተከፈተ፤ በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ ወዲያ በሌላ መንገድ መሮጥ አልሆነለትም።

በሦስተኛው ሳምንት ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። በውጭ በኩል፣ አብዱልሃፊዝ በጣቱ እየነካ ያሳየው የነበረው ቦታ ላይ። ቁልቁለት ሲወርድ ይወጋዋል። ከኋላው የሚያነክስ ኮቴ ይሰማዋል፤ እሱ ሲቆም ይቆማል። ዞር ሲል መንገዱ ባዶ ነው።

ሔራን የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ጉልበቱን መርምራ ስታበቃ ጫማውን ገልብጣ አየችው። የቀኙ ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል።

«ያንተ ነው?»

«የጓደኛዬ።»

«በአንድ ጎን ነው ያለቀው። እሱ እንደሚረግጠው እያስረገጠህ ነው። እሱንም ሳያመው አይቀርም። ይጣለው በለው።»

ተረፈ ጫማውን ከእጇ ተቀብሎ ወጣ።

በዚያው ቀን ጫማውን ይዞ ሰልሚያ ጋ ሄደ። በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ሰዓቱን ማየቱን፣ «ድረስብኝ» ማለቱን።



«መጀመሪያ ስታልፍ ያንተ ኮቴ ነበር» አለች ሰልሚያ። «ማነከስ ስትጀምር ግን የሱ ሆነ። እንዳመመህ ገብቶኝ ነበር። ከነገርኩህ መሮጡን ትተዋለህ ብዬ ዝም አልኩህ።»

እጇን ወደ ጫማው ዘረጋች።

«አላህ ሁለታችንንም ይማረን» ብላ ጫማውን ተቀበለችውና በሩን ዘጋች።

ተረፈ ስድስት ሳምንት ሳይሮጥ ቆየ። አዲስ ጫማ ገዛ። ለመጨረሻ ጊዜ ሔራን ጋ ሲሄድ ጉልበቱን አጥፋ፣ ዘርጋ እያለች ፈተሸችው፤ ድኗል። ከዚያ በኮሪደሩ ወዲያና ወዲህ አራመደችው።

«ያምሃል?»

«ምንም አያመኝም።»

«ታዲያ ለምን ታነክሳለህ?»

ተረፈ ቆሞ እግሩን አየ። ማነከሱን አላወቀም ነበር።