እጅ ወደ ኋላ

እኔ ዘንድ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ የመጀመሪያውን አንድ ወር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚያሳልፈው። ቀልዴን አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት በሙዚየሙ ግምጃ ቤት በር ሲገቡ ቦርሳቸውን ያስቀምጣሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ከዚያ የታጠበውን እጅ ወደ ኋላ አድርገው በመደርደሪያዎቹ መካከል እየዞሩ ያያሉ። ማየት ብቻ። "ታዲያ ለምን አስታጠቡን?" ብሎ ያልጠየቀኝ የለም። "ንጹሕ እጅም ቢሆን አላምነውም" እላቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ አንድ አባት ልጁን ሊወስድ መጥቶ፣ አሥራ አንድ ወጣቶች እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው አንዲት አሮጌ የፖስተኛ ቦርሳ ከበው ሲያይ ክው አለ። "ምን አጥፍተው ነው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"እስካሁን ምንም። እንዳያጠፉ ነው" አልኩት።

የእኛ ሙዚየም የንጉሥ ዘውድ የለውም። ያለን የሠራተኛ ዕቃ ነው፤ የፖስተኛው ቦርሳ፣ የአናጺ መሮ፣ የፀጉር አስተካካይ ወንበር፣ ከተዘጋ ማተሚያ ቤት የመጡ የእርሳስ ፊደላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄያቸዋለሁ። ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ሲቀረኝ ነው ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው። ከቅዳሜ ልጆቼ መካከል ሁለቱ የድንጋይ ቅርስ ጠጋኞች ሆነዋል፤ አንዷ የሰነድ ማኅደር ኃላፊ ናት፤ አንዱ ደግሞ ዛሬ የእኛው ሙዚየም ዳይሬክተር ሆኖ እኔኑ ያዝዘኛል። ሥራዬን አሳምሬ አውቃለሁ፤ አላፍርበትም። ከአንድ ነገር በቀር።

"መርፌ" የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ቀጭን ናት፤ እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ጥያቄዋም ይወጋል። ሃያ ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ ሳትቀር መጥታለች። እጅ ወደ ኋላ ባልኳት በመጀመሪያው ቀን "ለምን?" አለችኝ። "ሕጉ ነው" አልኳት። "ሕጉን ማን አወጣው?" አለችኝ። "ከፊትሽ የቆመችው ሴትዮ" ብዬ ዘጋኋት። አልረሳችውም፤ መርፌ ነገር አትረሳም።

እናቷ አንድ ጊዜ በምሳ ሰዓት ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከች አሉ።

"እትዬ፣ ይቺ ልጅ እዚህ ምን እየሠራች ነው?"

"ዕቃ እየመዘገበች።"

"የማን ዕቃ?"

"የሞቱ ሰዎች።"

"እኔ ደግሞ ያልሞቱ ደንበኞች አሉኝ፤ ልብሳችን የት ደረሰ ይላሉ" ብለው ሄዱ። ተናድጄ ነበር፤ ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ በሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ቋሚ የሥራ ቦታ ተከፈተ፤ ረዳት የቅርስ ጠባቂ። ከልጆቼ ሦስቱ አመለከቱ። እያንዳንዳቸው ከግምጃ ቤቱ አንድ ዕቃ መርጠው፣ አጥንተው፣ ሐሙስ ዕለት ኮሚቴ ፊት ዐሥር ደቂቃ እንዲናገሩ ተባለ። የመርፌ እናት ደግሞ የራሳቸውን ብይን ሰጡ፤ "ሐሙስ ካገኘሽ ደግ። ካላገኘሽ ዓርብ ጠዋት ሁለተኛዋ የስፌት መኪና ላይ ትቀመጫለሽ፤ ሙዚየም የሚባል ነገር እንዳልሰማ።" መርፌ ይህን እየሳቀች ነገረችኝ፤ ጣቶቿ ግን የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ሲጠመዝዙ አይቻለሁ።

"ምን መረጥሽ?" አልኳት።

"የልብስ ሰፊውን ጠረጴዛ።"

ጠረጴዛው ግምጃ ቤቱ ጥግ ላይ፣ ከሁሉ ኋላ፣ አንሶላ ለብሶ ነው የሚኖረው። አንሶላውን ያለበስኩት እኔ ነኝ።

"የተሻለ አጣሽ?"

"ልብስ ሰፊ ቤት ላደገ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ እትዬ?"

መዝገቡ ያለበትን መደርደሪያ በጣቴ አሳየኋትና ሥራ እንዳለበት ሰው ወጣሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣችና ዓይን ዓይኔን ሳታይ "ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። የግድግዳ ሰዓቱን ነው የማቀርበው" አለች።

ደሜ ፈላ። ያንን ሰዓት ያላቀረበው የለም! ትምህርት ቤት ለጉብኝት በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ነው፣ ጋዜጠኛ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ነው። ኮሚቴው ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል። ሰዓቱን ካቀረበች ዓርብ ጠዋት መኪናዋ ላይ እንደምትቀመጥ እኔም እሷም እናውቃለን።

"ለምን?"

"እንዲሁ።"

መርፌ "እንዲሁ" አለች! ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ የምትሠራበት ጠረጴዛ ላይ ሄድኩ። መዝገቡ እንደተከፈተ ነው። እኔ ሥራ የጀመርኩበት ዓመት መዝገብ። ገጹ ላይ ሁለት ፎቶግራፎች ተለጥፈዋል። በመጀመሪያው ላይ ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል። በሁለተኛው ላይ እንደ ታጠበ ሰሃን ያብለጨልጫል። በሁለቱ መካከል "በሳሙና ታጥቦ ጸድቷል" ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ፣ የወጣትነት ፊርማዬ፣ ጅራቱ ከስሙ የሚረዝም።

ቀና ስል መርፌ በሩ ላይ ቆማለች።

"ሰዓቱን የመረጥሽው ለዚህ ነው?"

"እትዬ፣ ስምንት ወር ነው የቀረዎት" አለች። "ኮሚቴ ፊት ቆሜ የእርስዎን…" አልጨረሰችውም።

አንጀቴን በላችው። ደግሞም ተናደድኩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ።

"ስሚኝ። እኔ ያጠፋሁት በስፖንጅ ነው። አንቺ ደግሞ በዝምታ ልትደግሚልኝ ነው? ቁጭ በይ።"

ተቀመጠች። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳት። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ሳምንቴ። አለቃዬ ለሥራ ወጥተው ስለነበር ሲመለሱ ጎበዝነቴን ላሳያቸው ፈለግሁ። ጠረጴዛው ላይ የተሞነጫጨረውን አየሁና ቆሻሻ መሰለኝ። አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንድ ሳሙና፣ አንድ ጠዋት። እያንጎራጎርኩ ነበር የፈተግሁት። ለካ ልብስ ሰፊው ደብተር አልነበረውም። የደንበኞቹን ልክ ሁሉ፣ የሠላሳ ዓመቱን፣ የሚጽፈው ጠረጴዛው ላይ ነበር። የአንድ ሰፈር ሰው ትከሻና ወገብ እዚያ ላይ ነበር፤ እኔ ከባልዲው ጋር ደፋሁት።

"ከወር በኋላ ሚስቱ መጡ" አልኳት። "ባል የሞተባቸው ሴት፣ የባላቸውን ጠረጴዛ ሊያዩ። በመዳፋቸው ዳበሱት። 'አሳመራችሁት' አሉ። ከዚያ 'ጽሑፉን የት አስቀመጣችሁት?' ብለው ጠየቁኝ። ሌላ መሳቢያ ውስጥ ያኖርነው መስሏቸው።"

መርፌ መዝገቡን ዘጋችው።

"እጅ ወደ ኋላ የመጣው ከዚያ ነው። ሕጉን ማን አወጣው ብለሽ ነበር።"

ገሥጻኝ ወይ አጽናንታኝ ቢሆን እንዴት እንደምችለው አላውቅም። እሷ ግን እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ።

"እትዬ፣ ከዚያ ወዲህ አይተውት ያውቃሉ?"

"ምኑን?"

"ጠረጴዛውን።"

አላየሁትም። አንሶላውን እንኳ የሚቀይረው የጽዳት ሠራተኛው ነው።

"ይምጡ" አለችኝ።

ወደ ጥጉ ወሰደችኝና አንሶላውን ገለጠች። መስኮት የሌለው ክፍል ስለሆነ መብራቱን ስታጠፋ ድቅድቅ ሆነ። የእጅ ባትሪ አበራችና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጋደመችው። ብርሃኑ እንጨቱን ከጎን ጠረገው። ከዚያ ቁጥሮቹ ተነሡ። እርሳሱ የለም፣ እሱን እኔ አጥቤዋለሁ፤ ነገር ግን ልብስ ሰፊው እጁ ከባድ ነበር፤ ጫን ብሎ ስለሚጽፍ እያንዳንዱ ቁጥር እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ሁሉም አይደለም። መሐሉ ላይ አጥብቄ የፈተግሁት ቦታ ባዶ ነው። በዳርና በዳሩ ግን ረድፍ በረድፍ፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ። መርፌ አስቀድማ መቶ አርባ ረድፍ ደብተሯ ላይ ገልብጣለች።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ያለቀስኩት ለጠረጴዛው ብቻ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "እዩ፣ ደጋግማችሁ እዩ" እያልኩ የሰው ልጅ ሳስጨንቅ ኖሬ፣ ይህን አንድ ዕቃ አፍሬ ሸፍኜው አላየሁትም ነበር። ባየው ኖሮ ለሴትየዋ የምነግራቸው ነገር ነበረኝ። አሁን የሉም።

አፍንጫዬን ጠርጌ ተነሣሁ። "ሐሙስ ይሄንን ታቀርቢያለሽ። ሁሉንም።"

"ማን አጠበው ብለው ቢጠይቁኝስ?"

"ትመልሻለሽ።"

"አልችልም እትዬ።"

"ትችያለሽ። ያየሽውን ካልተናገርሽ ማየትሽ ለማን ይጠቅማል?"

ሐሙስ ጠረጴዛውን አዳራሽ ድረስ አሸክመን ወሰድነው። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ የእኛው ዳይሬክተር። የመጀመሪያው ልጅ የአናጺውን መሮ አቀረበ፣ ጥሩ ነበር። ሁለተኛዋ የግድግዳ ሰዓቱን አቀረበች፤ ኮሚቴው በትዕግሥት አዳመጣት። መርፌ ስትነሣ የኋላው በር ተከፈተና እናቷ ሜትራቸውን እንዳንጠለጠሉ ገብተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ልጃቸውን ይዘው ሊሄዱ የመጡ መሰለኝ።

መርፌ ድምጿ ሳይርድ ጀመረች። መብራት አስጠፋች፣ ባትሪውን አጋደመች፣ ኮሚቴው ከወንበሩ ተነሥቶ ጠረጴዛውን ከበበ። ዳኛው አጎንብሰው ብዙ አዩ።

"ጽሑፉ እንዴት ጠፋ?" አሉ።

"ታጥቦ ነው።"

"በማን?"

ወደ እኔ አላየችም። "በመዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ" አለች፣ "ያስተማሩኝ ሰው ፊርማ ነው።"

እጄ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ተጣምሮ ነበር። ፈታሁትና እንደ ተማሪ አነሣሁት።

"የእኔ ነው። በሳሙና ነው ያጠብኩት። እያንጎራጎርኩ።"

አንድ ሰው ሳቅ አምልጦት በሳል ሸፈነው። ዳይሬክተሩ እኔን ያየኛል፤ እጁ መቼ ወደ ኋላ እንደሄደ እሱም አላወቀውም። የፈራሁት ነገር ይኸው ሆነ፣ ጣሪያውም አልወረደብኝም።

"ይቀጥል" አሉ ዳኛው።

መምህርቷ ግን አልረኩም። "ቁጥር ብቻ ነው እኮ" አሉ። "ስም የለው፣ ቀን የለው። ስለ ሰዎቹ ምን ይነግረናል?"

መርፌ ጣቷን ከእንጨቱ በላይ አንሳፍፋ አንድ ረድፍ አሳየች። "ሌሎቹ ላይ ትከሻ አንድ ቁጥር ነው። እዚህ ግን ግራና ቀኝ ለየብቻ ተጽፏል። የግራው ይወርዳል። ሰውየው ሸክም የሚሸከም ይመስለኛል።"

"ኧረ ሸክም አይደለም!" አለ ከኋላ ድምፅ። እናቷ ናቸው። ሰውን በክርናቸው እየገፉ መጡና ማንም ሳይከለክላቸው መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አሳረፉ። በጎ ፈቃደኞቼ በአንድ ላይ ትንፋሻቸውን ሳቡ። "እጅ…" ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት። ከልብስ ሰፊው ሚስት ወዲህ ያንን ጠረጴዛ እንደዚያ የዳበሰው ሰው የለም።

"ሸክም የሚሸከም ሰው ሁለቱም ትከሻው ነው የሚጎብጠው" አሉ ለልጃቸው፣ ኮሚቴውን ረስተው። "ይሄ አንዱ ብቻ ነው የወረደው። ዕድሜ ልኩን በአንድ ትከሻው ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ነው። እኔ ስንቱን ሰፍቻለሁ።"

መርፌ ዞራ አየችኝ። እኔም አየኋት። ሁለታችንም ያሰብነው ግምጃ ቤቱ ውስጥ ስላለችው ቦርሳ ነበር።

"ፖስተኛው!" አለች።

"እርግጠኛ ነሽ?" አሉ ዳኛው።

"አይደለሁም" አለች መርፌ፣ ግንባሯን ሳታጥፍ። "ስለዚህ መዝገቡ ላይ በእርሳስ ነው የምጽፈው። የቦርሳውን ማንጠልጠያ ከትከሻው ልክ ጋር እስካስተያይ ድረስ። ሌሎቹን መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ረድፎች ደግሞ ከእናቴ ጋር ተቀምጬ አነባቸዋለሁ፣ እሺ ካለችኝ።"

ኮሚቴው ግማሽ ሰዓት ተነጋገረ። ዳኛው ኮሪደር ላይ ወጥተው የመርፌን እጅ ጨበጡ። እናቷ "እንግዲህ ዓርብ መኪናዋ ላይ ማን ሊቀመጥ ነው?" ብለው በሜትራቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ በጎ ፈቃደኞች መጡ፤ ዘጠኝ ናቸው። መርፌ በአዲሱ የሥራ መታወቂያዋ ፊት ለፊታቸው ቆማ እጃቸውን አስታጠበች፤ ወደ ኋላ አስደረገች። ጠረጴዛው ያለ አንሶላ መሐል ላይ ቆሟል። አንዲት ባለ መነጽር ልጅ ወዲያው "ለምንድን ነው እጃችንን ወደ ኋላ የምናደርገው?" አለች።

መርፌ ወደ እኔ ዞረች።

"ንገሪያቸው" አልኳት።

"ስምዎን ልጥራ?"

"ከነአባቴ።"