ሰባተኛው ጥያቄ

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ቬርና ስፓይቪ ያላንኳኳችው በር አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት ከክር ጋር ስትታገል የኖረችን የስልሳ አንድ ዓመት ሴት ማን ይቀጥራል? ስለዚህ በየካቲት፣ ለፓርቲያቸው የፕሬዚዳንት እጩነት የሚሻሙት ሰዎች የግዛቷን ድምፅ ፍለጋ ወደ ሳውዝ ካሮላይና በጎረፉበት ሰሞን፣ አንድ ድርጅት «ድምፅዎ ደስ ይላል፤ ሰው ስልኩን አይዘጋብዎትም» ብሎ ሲቀበላት የጸሎቷ መልስ መሰላት።

ድሮ ምንጣፍ ይሸጥበት በነበረ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ሴቶች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ተደርድረዋል። የሚደውለው ማሽኑ ነው፤ የእነሱ ድርሻ ፊታቸው የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ ብቻ። የሕዝብ አስተያየት እየሰበሰብን ነው ይላል መጀመሪያው። ከዚያ ዕድሜ ይጠይቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ማንን እንደሚመርጡ ይጠይቃል። እስከ ስድስተኛው ድረስ ክፋት የለበትም። ሰባተኛው ግን የሚነበበው «ሴናተር ሃርትሶክን ነው የምመርጠው» ላለ ሰው ብቻ ነበር።

«የሴናተር ሃርትሶክ ልጅ የሞተው በመኪና አደጋ ሳይሆን በአደንዛዥ ዕፅ መሆኑን፣ ወላጆቹም ይህን መደበቃቸውን ቢያውቁ፣ ሴናተሩን የመምረጥ ፍላጎትዎ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?»

የመጀመሪያው ቀን ቬርና እጇን አወጣች። አለቃቸው ላቲመር የሚባል፣ ክራባቱ የማይላላ ጎልማሳ ነበር።

«ሚስተር ላቲመር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?»

«እውነት ነው አልን እንዴ? ‹ቢያውቁ› ነው እኮ ያልነው። ጥያቄ ነው፣ ሚስስ ስፓይቪ። ጥያቄ ዋሽቶ ያውቃል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ቬርናም አብራ ሳቀች። ደግሞስ እሷ ሃርትሶክን መች ትወድደውና! ለተፎካካሪው ለአገረ ገዥ ስትሪክላንድ ድምጿን ልትሰጥ ከወሰነች ቆይታለች። የድርጅቱን ደመወዝ ማን እንደሚከፍል የነገራቸው ባይኖርም፣ የላቲመር መኪና የኋላ መስተዋት ላይ የስትሪክላንድ ስም በትልቁ ተለጥፏል።

አነበበች። ቀኑን ሙሉ አነበበች። አንዳንዱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይደረግመዋል፤ አንዳንዱ «ኧረ ጉድ!» ይላል። በሁለተኛው ቀን አንዲት አሮጊት፣ «እኔ እኮ ለዚያ ልጅ ነፍስ ጸልዬ ነበር» አሉ። ቬርና ወረቀቱን ተከትላ፣ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል ስትል ደግማ ጠየቀቻቸው።

«ይቀንሳል መሰለኝ፣ ልጄ» አሉ ሴትዮዋ።

ረቡዕ ማታ በቤተ ክርስቲያን እራት ላይ እህቷ ሎሬን የተጠበሰ ዶሮዋን በሳህን ይዛ አጠገቧ ዘፍ አለች።

«የሃርትሶክን ልጅ ነገር ሰማሽ ቬርናዬ? መርፌው ከነደሙ ክንዱ ላይ ተሰክቶ ነው አሉ የተገኘው። ነቅላ የደበቀችው ደግሞ እናትየው ናት።»

ቬርና ሹካዋን አስቀመጠች። መርፌ የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

«መርፌ ያለው ማነው?»

«አገር ነዋ! የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ናት የነገረችኝ። እሷ ደግሞ ከእህቷ ነው የሰማችው።»

«ሎሬን፣ ወሬው የወጣው ከእኛ አዳራሽ ነው። ወረቀት ሰጥተውን እኛ ነን በስልክ የምናነብበው። እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።»

ሎሬን ትክ ብላ አየቻትና ፈገግ አለች። «በይ ተይ! ውሸት ቢሆን ለሠላሳ ሴት ጽፈው ያድላሉ? አሁን ይባስ አመንኩ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ። ቬርና ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሐሙስ ወደ ሥራ ሳትሄድ ቀረች።

ዓርብ የሴናተሩ ሚስት ኮርደሊያ ሃርትሶክ ሰው ልትጨብጥ የአሳማ ጥብስ ወደሚሸጥበት ቤት መምጣቷን ሰምታ ሄደች። ሴትዮዋ ቀጭን ናት፤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች «ባለቤቴን አይርሱት» ትላለች። ከጥግ አንድ የቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ቬርና በደንብ የምታውቀው ሰው፣ አፉን ሳይጠርግ ጮኸ።

«አንቺ! መርፌውን የት ቀበርሽው?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሌላው ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ሴትዮዋ የያዘችውን እጅ ጨብጣ ጨረሰች፤ ቀጥሎ የተዘረጋውንም ጨበጠች። ከዚያ ወጣች።

ቬርና መኪና ማቆሚያው ጋ ደረሰችባት። ሾፌሩ ቁልፍ ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል።

«ሚስስ ሃርትሶክ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልክ ከሚደውሉት አንዷ እኔ ነኝ።»

ኮርደሊያ ዞራ አየቻት። የተቆጣች አትመስልም፤ የደከመች እንጂ።

«ስሙን ይጠራሉ?»

«የማንን?»

«የልጄን።»

«የለም። ‹የሴናተሩ ልጅ› ነው የሚለው።»

«ቶቢን ነው ስሙ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። መንገዱ በረዶ ነበር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የምነዳው እኔ ነበርኩ። የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ፣ አዘነልኝና ልጁ ብቻውን ነበር ብሎ ጻፈው። የባሌ አማካሪዎች አሁን በቴሌቪዥን ቀርበሽ ተናገሪ፣ ውሸቱ ድራሹ ይጠፋል ይሉኛል። ሦስት ቀን ለመኑኝ። ‹ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ› ብዬ ለአገሩ ሁሉ ልንገር? አፌ እንቢ አለኝ።» ወደ መኪናው በር ዞረች። «በሉ እንግዲህ፣ ይሄንንም ደውላችሁ ንገሩ።»

መኪናው ሄደ። ቬርና ጥብሱ የሚሸትበት ደጃፍ ላይ ብቻዋን ቀረች።

በዚያው ከሰዓት ወደ ከተማው ጋዜጣ ሄዳ አዳራሹን፣ ወረቀቱን፣ ሰባተኛውን ጥያቄ አንድ በአንድ ተናገረች። ዘጋቢው ወጣት፣ ፈጣን ሰው ነበር።

«ጥሩ። ግን ውሸት መሆኑን በምን አወቁ?»

ቬርና ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ማስረጃ ካለዎት ነገ የፊት ገጽ ላይ ነው። ከሌለዎት ግን…»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ብትተፋው ወሬው እዚያው ይሞታል፤ ሴናተሩም ምናልባት ይተርፋል። ኮርደሊያ ግን ቀሪ ዘመኗን በየደረሰችበት ልጇን የገደለች እናት እየተባለች ትኖራለች። ቬርና ለስንት ሰው ደውላ ያን የመሰለ ነገር እንዳነበበች አሰበች።

«የለኝም» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣው በአሥራ ሁለተኛ ገጹ ትንሽ ነገር አወጣ፤ ቬርና ስፓይቪ የተባለች የቀድሞ ሠራተኛ እንዲህ ስትል ከሰሰች፣ ድርጅቱ በበኩሉ ሴትዮዋ በሥራ ጥፋት የተባረረች ናት ብሏል፣ የአገረ ገዥው ቃል አቀባይም ስለ ጉዳዩ የምናውቀው ነገር የለም ብለዋል። ዕለቱ ድምፅ የሚሰጥበት ነበርና ቬርና ወደ ድምፅ መስጫው ጣቢያ ሄደች። ወረቀቱ ላይ የሃርትሶክን ስም ስትመርጥ አንዲት ጠብታ ባሕር ውስጥ እንደመጨመር ነው የቆጠረችው፤ እንደዚያም ነበር።

ሃርትሶክ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። ማታ ሁለቱ እህትማማቾች ሎሬን ቤት ነበሩ። ሴናተሩ በቴሌቪዥን ወጥቶ ከውድድሩ መውጣቱን ሲናገር ሚስቱ አጠገቡ ቆማ፣ እጆቿን አጣጥፋ፣ ከሰዉ ራስ በላይ አሻግራ ታያለች።

«አየሽ?» አለች ሎሬን። «አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ንጹሕ ብትሆን ዝም ትል ነበር?»

«ተያት ሎሬን።»

«አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ? እኔን እህትሽን በጋዜጣ አሳፈርሽ። ሰዉ ‹እህትሽ ስንት ተከፍሏት ነው የዞረችው?› ይለኛል። እስቲ አሁን ንገሪኝ፣ ያ ልጅ እንዴት ሞተ?»

ቬርና እህቷን አየቻት። ከልጅነት ጀምሮ አንድ አልጋ፣ አንድ ምስጢር የተካፈሉ እህትማማቾች ናቸው።

«አላውቅም» አለች፤ ከዚያም ካፖርቷን አንሥታ ወጣች።

ሎሬን እስከ ፋሲካ አላነጋገረቻትም። በፋሲካ ስትደውልላት ስለ አየሩና ስለ ጉልበቷ ሕመም ብቻ አወራች፤ ከዚያ ወዲህም በሁለቱ መካከል ከዚያ ያለፈ ነገር አልተወራም።