የሃሊፋክሷ ጓንት ገዢ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ካትበርት ፔል እና ሊዮነል ማርሽ የሚባሉ ሁለት ወንዶች በማንችስተር የዘፈን አዳራሾች ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠሩ። ቀሚስ ለብሰው፣ ከንፈራቸውን አቅልተው፣ «የቤልሞር እህትማማቾች» ተብለው ይዘፍኑ ነበር። ወንድ መሆናቸውን ተመልካቹ ያውቃል፤ የሚያስቀውም እሱ ነው። ሰው የማያውቀው፣ ቀሚሱ ከወለቀ በኋላም በተከራዩት ጠባብ ክፍል ውስጥ «አንቺ» መባባላቸውን አለመተዋቸውን ነው።

«ነይ እንጂ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ!» ይላል ሊዮነል።

«መጣሁ እቴ! ምን ያጣድፍሻል?» ይላል ካትበርት።

እንደነሱ ያሉ አምስት ስድስት ወዳጆች ነበሯቸው። እሁድ እሁድ ተሰብስበው ቀሚስ ይለካካሉ፣ ይተማማሉ፣ ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን ፖሊስ በሩን ሰብሮ ገባና ሦስቱን ወሰደ። የተረፉት ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ እንዳልተዋወቁ መተላለፍ ጀመሩ።

ሊዮነል ፈራ። ለፋሲካ የሃሊፋክስ ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሊያገባ መሆኑን ተናገረ።

«ሃሪየት ደግ ልጅ ናት። አባቷ ሱቁን ሊለቁልን ነው።»

«እኔስ?»

ሊዮነል ሻንጣውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ «አንተም ብታስብበት ይሻልሃል» አለው።

ካትበርትን ከሊዮነል መሄድ ይልቅ «አንተ» መባሉ አንገበገበው።

ብቻውን መዝፈኑን ቀጠለ። የእህቱ ተራ ሲደርስ ሳያስበው ዝም ይላል። «እህትሽ የታለች? አገባች እንዴ?» ብሎ አንዱ ሲጮህ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። እሱም አብሮ ይስቃል።

በመስከረም አንድ ሐሙስ ጠዋት ግራጫ ቀሚሱን ለበሰ፣ ጥቁር ዓይነ ርግቡን ፊቱ ላይ ጣለና በሃሊፋክስ ባቡር ተሳፈረ። መድረክ ላይ የሚያስጨበጭበው ልብስ መንገድ ላይ እንደሚያሳስር ያውቃል። ግን እንደ ወንድ ሄዶ ምን ብሎ ሱቁ ይገባል?

ሱቁ ውስጥ ሆዷ ገፋ ያለ ወጣት ሴት ተቀበለችው። ሃሪየት መሆኗ ገባው።

«ምን እንታዘዝ፣ እመቤት?»

«ጓንት ፈልጌ ነበር» አለ ድምፁን አቅጥኖ።

«ሊዮነል! ና እስቲ! እሱ ነው የሚለካው፤ እኔማ አልችልበትም።»

ሊዮነል ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ሪዝ አሳድጓል። የቀረበለትን እጅ ያዘ፤ አውራ ጣቱ ላይ የሚያውቀውን የካውያ ጠባሳ አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መለካቱን ቀጠለ። ጓንቱን ጣት በጣት ቀስ ብሎ አለበሰው።

«ደህና ነሽ?» አለው ካትበርት በሹክሹክታ።

ሊዮነል ሚስቱን በጨረፍታ አየና፣ «ሌላስ የሚፈልጉት አለ?» ሲል ጮክ ብሎ ጠየቀ።

«የለም።»

ሃሪየት ዓይነ ርግቡን እያየች ቀረብ አለች። «ይቅርታ፣ ሐዘን ላይ ነዎት መሰለኝ?»

ካትበርት ሳያስበው፣ «አዎ፣ እህቴ ናት» አለ።

«እኔን! ታላቅዎ ነበረች?»

«ታናሼ። ሳቂታ ነበረች። ስትስቅ ወንበር ይዛ ነበር የምትወድቀው።»

ሊዮነል ጀርባውን ሰጥቶ የጓንቱን ሣጥን በወረቀት ይጠቀልላል። ወረቀቱ ተቀደደበት፤ ሌላ አነሣ።

«እግዜር ያጥናዎት» አለች ሃሪየት፣ እጁን በሁለት እጇ ይዛ። «ብቻዎን አይዋሉ፤ ለሐዘንተኛ ብቻን መዋል ደግ አይደለም።»

ሊዮነል ሣጥኑን አቀበለው፤ ቀና ብሎ አላየውም። በሩን የከፈተችለት ሃሪየት ናት።

ካትበርት ሲመለስ በባቡሩ መስኮት በኩል ተቀመጠ። ሊዮነል ከሄደ ወዲህ ያጽናናው ሰው ይኖር እንደሆነ አሰበ። ከሃሪየት በቀር ማንም አልነበረም። ሁለተኛ ወደ ሃሊፋክስ አልሄደም። ለገና ብራድፎርድ ከተማ ባለ የዘፈን አዳራሽ ሥራ አገኘ፤ የሚዘፍነውም ለአንድ ሰው ድምፅ ብቻ የተጻፈ ዘፈን ነበር።