መሪጌታ ህሩይና የክዳን ነገር

መጀመሪያ የተሰማው የከዘራ ኳኳታ ነው፤ ሁለት ከዘራ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ። ፀደንያ ጓዳ ሆና ሽሮ እያማሰለች አወቀችው። ባምላክ እሷን እንዲጠይቁለት የላካቸው ሽማግሎች ለሦስተኛ ጊዜ ከአምባ ጊዮርጊስ መጡ።

ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም። አባቷ መሪጌታ ህሩይ ደግሞ ቃል ካገኙ አይለቁም። በመጀመሪያው ሳምንት ታላቁ ሽማግሌ አያ እንኳየሁ «ዝምድና ፈልገን» ቢሏቸው «ዘመድ»ን ሲተረትሩ ዋሉ። በሁለተኛው «ጎጆ» የምትል ቃል አመለጠቻቸው። ሽማግሎቹ ሁለቴም ቆመው ተምረው፣ ቆመው ተሰናበቱ፤ እሺም እምቢም አልሰሙ። ለአራተኛ የሚመላለስ ሽማግሌ ደግሞ የለም። ዛሬ ካልሆነ ባምላክ ቀረ ማለት ነው።

«ዛሬስ ምነው ባጭሩ በተናገሩ!» አለች በሆዷ።

አያ እንኳየሁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «መሪጌታ፣ ልጃችን ጣራ ሠሪ ነው፤ ሸጋ ልጅ ነው። ለልጅዎ ክዳን ይሁናት ብለን መጣን።»

ጓዳ ውስጥ ማማሰያው ቆመ።

«ክዳን አሉኝ?» የመሪጌታ ፊት እንደ ፋሲካ ጧፍ በራ። «ከደነ፣ በግዕዙ ሸፈነ ነው። ድስቱ ክዳን አለው...»

«አለው» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ አያ በላቸው፣ ቢያጥርላቸው ብለው። «ባጃጁም ደጅ እየጠበቀን ነው።»

«ይጠብቃ! ገና ምኑ ተነካና! ቤቱስ? የሣር ክዳን እንል የለም?»

ዝናቡ ወረደ። ከቆርቆሮው ቀዳዳ ጠብታ መጣና የአያ እንኳየሁ መላጣ ላይ ጠብ አለ። ሽማግሌው ለክብር ብለው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገዋል፤ ንቅንቅ አላሉም። መሪጌታ የቤት ክዳንን ሲያብራሩ ውሃው በአያ እንኳየሁ ማጅራት አልፎ ጀርባቸው ገባ።

«ባምላክ እኮ ቀዳዳዋን ባንድ ሚስማር ይደፍናት ነበር» አሉ አያ በላቸው ወደ ጣራው እያዩ።

«እሷ ቀዳዳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ይተዋት። ዋናው ግን፣ ሊቃውንቱ ክዳን ሲሉ ልብስ ማለታቸው ነው...»

ፀደንያ ድስቱን አወረደች። አግዳሚ ወንበሩን ተሸክማ ወጣችና ከሽማግሎቹ ኋላ አኖረችው። አያ እንኳየሁ ወንበሩን አዩ፤ መሪጌታን አዩ፤ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«ማን ተቀመጡ አለዎ?»

«ጉልበቴ።»

ፀደንያ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች፤ ወደ ጓዳ አልተመለሰችም። መሪጌታ ልጃቸውን አዩ። ከሽማግሌው ጢም የሚንጠባጠበውን አዩ። ተነሡና የገዛ ጋቢያቸውን አውልቀው የአያ እንኳየሁ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ፤ ጠርዙንም አንገታቸው ሥር ሰብሰብ አደረጉላቸው። ከዚያ «እሺ፤ ይቀመጡ» አሉና በእጀ ጠባባቸው ብቻ ባጃጁን ሊያሰናብቱ ዝናቡ ውስጥ ወጥተው ሄዱ።