የዋዜማው መታጠብ

ተናኘወርቅ ሆዷን ይዛ ክር ማጠንጠኛው ሥር ቁጢጥ ስትል፣ የፈረቃ አለቃው ከወዲያ ማዶ "ጓድ ተናኘወርቅ፣ ማሽኑ ቆመ እኮ!" ብሎ ጮኸባት። ማሽኑ መቆሙን አየ፤ ሴትዮዋ መታጠፏን ግን አላየም። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣታል፣ ከእምብርቷ በታች ያለው ሕመም ቀና አድርጎ አያስኬዳትም። የሥራ ባልደረባዋ ገበያነሽ ደግፋ ንፋስ ስልክ ወዳለው ጤና ጣቢያ አደረሰቻት።

ነርሷ ሲስተር ዙሌካ ናሙና ወስዳ ካስመረመረች በኋላ መጋረጃውን ጋረደች።

"በወር አበባሽ ሰሞን ምን አድርገሻል? አትፈሪኝ።"

ተናኘወርቅ አፈረች፤ ግን ተናገረች። ባሏ ሙሉሰው ወታደር ነው። ለታኅሣሥ ገብርኤል ከኤርትራ ግንባር በፈቃድ መጣ። ከተጋቡ ጀምሮ ልጅ አላገኙም፤ ብስራተ ገብርኤል አብረው ገብተው ተንበርክከው ሊሳሉ ተቃጥረው ነበር። በዋዜማው ደሟ መጣ። ደም ያለባት ሴት ከውጭ ቆማ ነው የምትሳለመው። በዓሉ አይጠብቃት፣ የባሏ ፈቃድ አይጠብቃት፤ ምን ታድርግ? ለብ ያለ ውሃ ላይ በረኪና ጠብ አድርጋ፣ ደሙ አልታይ እስኪል ድረስ ውስጧን ታጠበች። አቃጠላት፤ ነጠላዋን ነክሳ ቻለችው። ለሙሉሰው "ጨርሻለሁ" አለችው። በማግስቱ ቤተ መቅደስ ገብታ ተሳለች፤ ማታ ደግሞ አብራው ተኛች።

"ገብርኤል ነው የቀሰፈኝ፣ ሲስተር።"

"እኔ እስላም ነኝ፤ በገብርኤል ጉዳይ አልገባም" አለች ዙሌካ። "የያዘሽ ግን ጨብጥ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያመጣው ሰው ነው። በሌላው ጊዜ የማህፀንሽን አፍ ወፍራም ፈሳሽ ይዘጋዋል። ደም ሲመጣ ያ መከላከያ አብሮ ይታጠባል፣ በሩ ገርበብ ይላል። አንቺ ደግሞ የቀረውን ዘበኛ በበረኪና አባረርሽው። በሽታው ወደ ላይ የወጣው ለዚህ ነው።"

"መውለድ... እችላለሁ?"

"አላውቅም። የማህፀንሽ ቱቦ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ዋሽቼ አላስደስትሽም። መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ጨርሺ። ባልሽ ሳይታከም ግን እንዳይነካሽ። ከወር አበባሽ ዙር አጋማሽ በኋላ ደግሞ ሰውነት ራሱ፣ ፅንስ መጥቶ እንደሆን እንዳይጎዳው ብሎ፣ ጥበቃውን ያላላል። ሁለተኛ ከያዘሽ ማህፀንሽን ተሰናበቺው።"

ላፍቶ ያለችው አንድ ክፍል ቤታቸው ስትደርስ፣ ሙሉሰው ፈቃዱ አልቆ ነገ ወደ ግንባር ለመመለስ ቦት ጫማውን ይወለውላል። ፊት ለፊቱ ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ መታጠቧንም አልደበቀችም።

ሙሉሰው ጨብጥ የሚለውን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። መታጠቧን ሲሰማ ግን ቀና አለ።

"ደም እያለብሽ ነው መቅደስ የገባሽው? መልአኩን ዋሽተሽ፣ እኔን ዋሽተሽ፣ አሁን ጥፋቱን ወደ እኔ ታዞሪዋለሽ? ክኒኑን ተይና ጸበል ግቢ!"

ልቧ ተሰበረ፤ እሷም በልቧ ስትል የነበረው ይህንኑ ነበር። ያም ሆኖ አላለቀሰችም።

"የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ መልአኩን እኔው ይቅር በለኝ እለዋለሁ" አለችው። "በሽታውን ግን ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ። ነገ ሳትሄድ አብረን ጤና ጣቢያ እንገባለን።"

"ሴት ፊት ሱሪዬን አላወልቅም።" ጫማውን አስቀመጠና ድምፁን አለዘበ። "ተናኜ፣ እዚያ ያለውን ታውቂያለሽ። ላልመለስ እችላለሁ። ምናልባት ዛሬ ልጅ ይሰጠን ይሆናል። ነይ፣ ተኚ።"

ይሄ አንጀቷን በላው። እውነቱን ነው፤ ከሰፈሩ ከሄዱት ስንቶቹ ቀርተዋል። ባሏን ትወደዋለች፤ ከሱ ሌላ ከማንም መውለድ አትፈልግም። ነገ መኪና ላይ ወጥቶ ቢቀር፣ ይህች ማታ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቆጫት ትኖራለች። አልጋውን አየችው፤ ገላውን ታጥቦ ነበር፣ ሳሙናው ይሸታል።

ክኒኗን በውሃ ዋጠች። ሰሌኑን ከግድግዳው አውርዳ ከአልጋው ራቅ አድርጋ መሬት ላይ ዘረጋች፤ ጋቢዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።