የጥንቸል ዓይን

እና ጥንቸል ዓይኗን እንደ ሰው ቶሎ ቶሎ አታርገበግብም፣ በቃ፣ የስንት ዓመት ልፋት በዚህች ገደል ገባ፣ የዓይን መድኃኒት ጠብታችን ጥንቸሏ ላይ ተንጣሎ ተቀምጦ እስከ ዓይኗ ጀርባ ሰረገ፣ እኛም አጨበጨብን፣ ዓይንን በመርፌ ከመውጋት ተገላገልን ተባባልን፣ ሰው ላይ ሲሞከር ጨፈን ከፈት፣ ጨፈን ከፈት፣ እንባው ጠራርጎ ጉንጭ ላይ አወረደው፣ እንግዲህ ጉንጭ ያክምልን። አለቃችን ዛሬ ስብሰባ ላይ ከረባቱን እያስተካከለ ትልቅ ትምህርት ቀስመንበታል፣ ጥናቱ እዚህ ላይ ያበቃል አለ። ትምህርት። እሱ ምን ቸገረው፣ ቤቱ ገብቶ እግሩን ሰቅሎ ይተኛል፣ እኔ የምገባው አባቴ ጋ ነው።

ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም፣ ደረጃውን ልግፋው፣ ምን ብዬ ነው የምነግረው፣ ግራ ዓይኑ በስኳር ከጠፋ ቆይቷል፣ የቀረችው የቀኟ ናት፣ እሷም እየደበዘዘች፣ ሐኪሟ ዓይንህን በመርፌ ካልተወጋህ ይቺም አትተርፍልህም ብላ ስትለምነው የልጄ ጠብታ ሊደርስ ነው ብሎ መለሳት፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ ተው አባዬ ተወጋ ብዬዋለሁ፣ ብያለሁ፣ ግን ፊቴ በደስታ ፈክቶ ነበር፣ ያኔ ፊቴን ያይ ነበር። ወይኔ።

በሩን ሳይቆልፍ ትቶታል። ሶፋው ላይ ነው፣ ቴሌቪዥን እያየ፣ ማለቴ እየሰማ፣ መጣሽ የኔ ዶክተር፣ ዶክተር አይደለሁም ማለት ሰለቸኝ፣ ደረሰ ወይ ይላል እንደ ሁልጊዜው፣ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን እፈታለሁ፣ ክሩ ተቋጥሮ እምቢ ይለኛል፣ አንተ ደግሞ ቀን ጠብቀህ።

አይደርስም፣ አባዬ። ሰው ላይ አልሠራም። ነገ ሄደን መርፌውን ተወጋ፣ ከፈራህ እጅህን እይዝልሃለሁ።

ፈርቼ? ይስቃል፣ ለስኳሩ በየቀኑ ሆዴን የምወጋ ሰውዬ ምን መርፌ እፈራለሁ፣ የገዛ አባቷ እንኳ አላመናትም እንዳይሉሽ ብዬ ነው እንጂ።

ማን ሊል፣ አባዬ፣ ማን ያውቅሃል፣ አለቃችን መኖርህንም አያውቅ፣ ለማን ብለህ፣ ለዚያ ለከረባታም፣ ልጮህበት እፈልጋለሁ፣ ሄጄ ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ጉልበቱ ጉልበቴን እስኪነካ፣ ዝምታዬን ይሰማና አታልቅሺ ይለኛል፣ አላለቀስኩም እኮ፣ ፊቴ ደረቅ ነው፣ እዚሁ ፊቱ ነኝ፣ መብራቱም በርቷል።